ቂሊንጦ፦ የሕዝቧ፣ የኢኮኖሚዋና የመኖሪያ ቤቷ ዳሰሳ

ቂሊንጦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የምትገኝ፣ ከአንድ ትውልድ ባነሰ ዕድሜ ውስጥ ከጤፍና ከሽምብራ ማሳነት ወደ ቢራ ፋብሪካ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ማረሚያ ቤት፣ ወደ መድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክና ወደ ኮንዶሚኒየም ሰፈርነት የተለወጠች አካባቢ ናት። ስለ እርሷ የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ጽሑፍ መሬቷን በሄክታር፣ ቤቷን በብሎክ፣ ፋብሪካዋን በካፒታል እየለካ ያልፋል እንጂ በዚህ ሁሉ መካከል የሚኖረው ሰው ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚተዳደርና በየትኛው መብት በቤቱ እንደሚቀመጥ አንድ ላይ አድርጎ አያሳይም። ይህ ዳሰሳ የሕዝቡን፣ የኢኮኖሚውንና የመኖሪያ ቤቱን ሁኔታ ከመነሻቸው እስከ ዛሬው ክርክር እየተከተለ ይመረምራል፤ የሚከራከርበትም ነጥብ ቂሊንጦን ከነዋሪዋ ብዛት ይልቅ የነዋሪዋ የይዞታ ዓይነት የበለጠ እንደሚገልጣት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ.) መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአካባቢ መግለጫ ምን ይለካል?

የአንድን አነስተኛ አካባቢ ሕዝብ፣ ገቢና ቤት በአንድ ሰነድ አጠቃልሎ የማቅረብ ልማድ ሥር ከሰደደባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ከ3,100 በላይ ለሚሆኑት ካውንቲዎች፣ ማለትም ከግዛት በታች ላሉት የአስተዳደር እርከኖች፣ ከእ.አ.አ. 1790 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ የሚካሄደው ቆጠራና ከእ.አ.አ. 2005 ወዲህ በየዓመቱ በሙሉ ናሙና የሚካሄደው የማኅበረሰብ ጥናት የዕድሜ፣ የገቢ፣ የሥራና የቤት ባለቤትነት አኃዞችን ያቀርባሉ፤ ሕዝባቸው አነስተኛ ለሆኑ ገጠራማ ካውንቲዎች ደግሞ የአንድ ዓመት ናሙና ስለማይበቃ የአምስት ዓመት መረጃ ተጠራቅሞ ይተነተናል። ከዚህ አሠራር የተገኘው ውጤት አንዳንዴ የተለመደ ግምትን ያስተካክላል፤ ለምሳሌ ከእ.አ.አ. 2011 እስከ 2015 በተሰበሰበው መረጃ መሠረት በአሜሪካ ገጠር ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች 81.1 ከመቶ የሚሆኑት በባለቤቶቻቸው የተያዙ ሲሆኑ፣ በከተማ ግን ይህ መጠን 59.8 ከመቶ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው መግለጫ በሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ላይ ይቆማል፤ የአካባቢው ወሰን ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ መቆየት አለበት፤ ቆጠራው በጊዜው መደገም አለበት፤ «ነዋሪ»፣ «ቤተሰብ» እና «ባለቤት» የሚባሉት ቃላትም ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም ሊኖራቸው ይገባል። በቂሊንጦ ሦስቱም አልተሟሉም፤ አለመሟላታቸው ግን የቢሮ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ራሱ የአካባቢው ታሪክ አንድ ክፍል ነው።

ከእርሻ ወደ ከተማ ዳርቻ

የአቃቂ ሜዳ አፈር በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ ነው፤ ገበሬው ዋልካ ወይም ኮትቻ ይለዋል። ውኃ የመያዝ ጠባዩ የአካባቢውን የእርሻ ዘመን ወስኗል፤ ጤፍና ስንዴ በክረምቱ ሲዘሩ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ግን ዝናቡ ሲያበቃ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላሉ። ከአዲስ አበባ ቅርበት የተነሳ ገበሬው ከእህሉ በተጨማሪ ወተት፣ ጭድና ኩበት ለከተማው ያቀርብ ነበር፤ እነዚህ ምርቶች በገበያ ቀን በእጅ በእጅ የሚሸጡ በመሆናቸው በየትኛውም የገቢ መዝገብ ላይ ሙሉ በሙሉ አልሰፈሩም። ይህ ነጥብ ኋላ በካሳ ስሌት ላይ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ከተማነት ወደዚህ አቅጣጫ የመጣው በአቃቂ በኩል ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በአቃቂ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ በኋላም የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ሌሎች ፋብሪካዎች በሐዲዱና በወንዙ ዙሪያ ተተከሉ፤ ራሷን ችላ የኖረችው አቃቂ በሰቃም የሠራተኞች ከተማ ሆነች። ቂሊንጦ ግን ከዚህ መስመር ፈንጠር ያለች በመሆኗ የአቃቂ ኢንዱስትሪ በቆየባቸው አሥርት ዓመታት ሁሉ የእርሻ መሬት ሆና ቆየች፤ ነዋሪዎቿም በብዛት አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ገበሬዎች ነበሩ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ወደ መንግሥት ሲዞሩ፣ ገበሬው በገበሬ ማኅበር በኩል የመጠቀም መብት አገኘ፤ የመሸጥ መብት ግን አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የመጣው የካሳና የይዞታ ክርክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ልዩነት፣ ማለትም የመጠቀም መብት ከባለቤትነት የተለየ ከመሆኑ ነው።

የገበሬው ደረጃ በቆጠራ መዝገብ ላይ እንዴት እንደተለወጠ መመልከት ያስፈልጋል። በጥቅምት 1987 በተካሄደው ሁለተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,112,737 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 28,149 ሰዎች የገጠር ነዋሪዎች ተብለው ተመዝግበው ነበር። በግንቦት 1999 በተካሄደው ሦስተኛው ቆጠራ ግን የከተማዋ ሕዝብ 2,739,551 ሆኖ ሲመዘገብ፣ ሁሉም የከተማ ነዋሪ ተባለ፤ የገጠሩ ዓምድ ባዶ ሆነ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቦሌና በየካ ዳርቻዎች የሚያርሱ ገበሬዎች አልጠፉም፤ የተለወጠው የመዝገቡ አመዳደብ ነው። የከተማ ነዋሪ የተባለ ገበሬ እንደ ገበሬ የእርሻ ድጋፍና የይዞታ ደብተር፣ እንደ ከተማ ነዋሪ ደግሞ ካርታ ለማግኘት በሁለት አሠራሮች መካከል መቆሙ የዳርቻው ችግር ሥር ሆኖ ቆይቷል።

የሕዝብ ቁጥር

በ1999ኙ ቆጠራ አቃቂ ቃሊቲ 181,270 ሕዝብ ነበራት፤ ይህም ከያኔዎቹ ዐሥር ክፍለ ከተሞች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። በአንጻሩ ስፋቷ 118 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ከቦሌ ቀጥላ ሁለተኛዋ ሰፊ ክፍለ ከተማ ነበረች። በአማካይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,500 ብዙም ያልበለጠ ሰው ሲኖርባት፣ በመርካቶ ዙሪያ ያለችው አዲስ ከተማ ግን በዚያው ቆጠራ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ30 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። የከተማዋ ዕቅድ አውጪዎች ዓይን ለምን ወደ ደቡብ እንደዞረ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች በላይ የሚያስረዳ የለም፤ ሰፊና ሕዝብ ያልበዛበት መሬት እዚያ ነበር። ሆኖም ሕዝብ ያልበዛበት መሬት ባዶ መሬት ማለት አይደለም፤ ገበሬ ቤተሰቡን የሚያኖርበት ማሳ ከጠባዩ ሰፊ ቦታ ይፈልጋልና።

የ1999ኙ ውጤት ራሱ ክርክር አስነስቷል። የአዲስ አበባ ሕዝብ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል በዓመት በአማካይ 2.1 ከመቶ ገደማ ብቻ ማደጉ፣ ከቀደሙት ትንበያዎች በታች በመሆኑ፣ ቆጠራው ሰው አጉድሏል የሚል ጥርጣሬ ወልዷል። በሌላ በኩል የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ እውነት አለ፤ በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በ1997ቱ ጥናት 1.4፣ በ2008ቱ ደግሞ 1.8 ነበር፤ ይህም ሕዝብ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 በታች ነው። ስለዚህ የከተማዋ ዕድገት በዋነኛነት ከወሊድ የሚመጣ ሳይሆን ከፍልሰት የሚመጣ ነው የሚለው አቋም ጠንካራ መሠረት አለው። ፍልሰተኛ ደግሞ በጋራ ክፍል፣ በተከራየ ጓሮና በግንባታ ቦታ ስለሚኖር ከማንም ይልቅ ከቆጠራ ለማምለጥ ቅርብ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሁለቱ አቋሞች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

በቂሊንጦ ጉዳይ «ፍልሰት» የሚለው ቃል ተለይቶ መታየት አለበት። አንደኛው ከክልሎች ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ነው፤ ሁለተኛው ከመሀል ከተማ በኮንዶሚኒየም ዕጣ ወይም በመልሶ ማልማት ምክንያት ወደ ዳርቻ የሚዛወረው ነው፤ ሦስተኛው በተቃራኒው የሚሄደው፣ መሬቱን ለልማት ለቅቆ ወደ ሌላ ቦታ የሚሰደደው ገበሬና ልጆቹ ናቸው። ሦስቱ በአንድ ድምር ውስጥ ሲገቡ ቂሊንጦ እያደገች ያለች አካባቢ ትመስላለች፤ ሲለያዩ ግን አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣባት ቦታ መሆኗ ይታያል።

አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም.ም በጸጥታ ምክንያት እንደገና ተላለፈ። ኮንዶሚኒየሞቹ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ቢራ ፋብሪካውና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሁሉ የመጡት ከመጨረሻው ቆጠራ በኋላ በመሆኑ፣ የዛሬዋ ቂሊንጦ በአገሪቱ የቆጠራ መዝገብ ውስጥ ገና አልተወለደችም ማለት ይቻላል። የከተማ የሥራና ሥራ አጥነት ጥናቶች በየጊዜው ቢካሄዱም፣ ናሙናቸው ለአዲስ አበባ በጠቅላላው እንዲበቃ የተነደፈ ስለሆነ ወደ አንድ ወረዳ ወይም ሰፈር ሲወርዱ የሚታመን ውጤት አይሰጡም።

በተቋማት ውስጥ የሚኖሩት

የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች በግል ቤት የሚኖረውን ቤተሰብ በተቋም ውስጥ በጋራ ከሚኖረው ሕዝብ ይለያሉ፤ ተማሪ ማደሪያ፣ ማረሚያ ቤት፣ የጦር ሰፈርና ገዳም በሁለተኛው ክፍል ይመደባሉ። ይህ ልዩነት በአብዛኛው ሰፈር ትርጉሙ ጥቂት ነው፤ በቂሊንጦ ግን ከዋና ጉዳዮች አንዱ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ የመጡ ወጣቶችን ያኖራል። የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ደግሞ የፍርድ ሂደታቸውን በመከታተል ላይ ያሉ ተጠርጣሪዎች በብዛት የሚቆዩበት ሲሆን፣ የአካባቢው ስም በአገሪቱ ከሁሉ በላይ የታወቀው በዚሁ ተቋም፣ በተለይም ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በተነሳው ቃጠሎ ምክንያት ነው፤ በመንግሥት መግለጫ መሠረት በዕለቱ 23 ሰዎች ሞተዋል። እነዚያ ሰዎች በአካል በቂሊንጦ የነበሩ፣ ቤታቸውና ቤተሰባቸው ግን ሌላ ቦታ የነበረ ናቸው፤ የትኛውም የአካባቢ መግለጫ ይህን ሊዘነጋ አይገባም።

በአሜሪካ ተመሳሳይ ክርክር ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። እስረኞች የሚቆጠሩት በታሰሩበት ካውንቲ በመሆኑ፣ ማረሚያ ቤት የተሠራበት ገጠራማ ካውንቲ ከእውነተኛ ነዋሪው በላይ ሕዝብ ያለው ይመስላል፤ የጾታው ሚዛን ወደ ወንድ ያጋድላል፤ የምርጫ ወረዳ አከላለሉም ይዛባል። እንደ ኒው ዮርክና ሜሪላንድ ያሉ ግዛቶች ከእ.አ.አ. 2010ሩ ቆጠራ ጀምሮ ለምርጫ ወረዳ ሲሉ እስረኛውን ወደ ቀድሞ አድራሻው መልሰው ይቆጥሩታል። ለቂሊንጦ ነገሩ ከምርጫ ይልቅ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው፤ የጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤትና የውኃ ፍላጎት በጥሬ የሰው ቁጥር ቢሰላ፣ ለተማሪውና ለታራሚው የታሰበው ድርሻ በዙሪያው ላለው ቤተሰብ እንደተሰጠ ሊታይ ይችላል።

ኢኮኖሚ፦ መሬቱ ምን ያበቅል ነበር፣ አሁን ምን ያበቅላል?

የቂሊንጦ አዲሱ ኢኮኖሚ ሁለት ትላልቅ ምሰሶዎች አሉት። የመጀመሪያው ሐይኒከን በጥር 2007 ያስመረቀው የቢራ ፋብሪካ ነው፤ ወጪው 110 ሚሊዮን ዩሮ፣ የማምረት ዐቅሙም በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር እንደሆነ ያኔ ተገልጿል። ሁለተኛው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፤ የዓለም ባንክ በግንቦት 2006 ያጸደቀው የ250 ሚሊዮን ዶላር የተወዳዳሪነትና የሥራ ፈጠራ ፕሮጀክት ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሁለተኛ ምዕራፍ ጋር አንድ ላይ የደገፈው ሲሆን፣ 279 ሄክታር የሚሸፍነው ይህ ፓርክ በ2007 ዓ.ም. ይፋ ከሆነው የአገር ውስጥ መድኃኒት ማምረት ስትራቴጂ ጋር ተያይዞ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ተለየ።

እዚህ ላይ «በአካባቢው የሚገኝ ኢኮኖሚ» እና «የአካባቢው ኢኮኖሚ» መለየት አለባቸው። የቢራ ፋብሪካው የሚፈልገው የብቅል ገብስ በዋናነት የሚመጣው እንደ አርሲና ባሌ ካሉ ደጋማ አካባቢዎች እንጂ ከዋልካው የአቃቂ ሜዳ አይደለም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ከገበሬ ጋር ያለው ትስስር እውነተኛ ቢሆንም ትስስሩ ከቂሊንጦ ገበሬ ጋር አይደለም። የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ደግሞ ከልብስ ስፌት በተለየ ጥቂትና የሠለጠነ ሠራተኛ የሚፈልግ፣ በጥራት ቁጥጥር የታጠረ ዘርፍ ነው፤ በአንድ ሄክታር የሚቀጥረው ሰው ከጨርቃ ጨርቅ ፓርክ ያነሰ ነው። ዘርፉን የመረጡት ወገኖች መድኃኒት ለማስመጣት የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ማዳን ከሥራ ቁጥር በላይ ዋጋ እንዳለው ያስረዳሉ፤ ለአገር ሲታሰብ ክርክራቸው ተገቢ ነው። ለአካባቢው ሲታሰብ ግን መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ልጅ በዚያ ፋብሪካ በር ላይ በየትኛው ችሎታ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ምላሽ ይፈልጋል፤ የጥበቃ፣ የጽዳትና የጭነት ሥራ ብቻ ከሆነ የተሰጠው ምላሽ፣ ልማቱ ተነሺውን አካትቷል ለማለት አይበቃም።

በፋብሪካ ሥራ ላይ ካሉት ማስረጃዎች ጠንካራው ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ያካሄዱትና እ.አ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ነው። ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ የፋብሪካ ሥራ ሲሰጣቸው፣ አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 ከመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸውም በመደበኛ ያልሆነ ሥራ ከሚተዳደሩት አልበለጠም። በአንጻሩ መነሻ ገንዘብና ሥልጠና የተሰጣቸው በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው ጎልቶ አደገ፤ ልዩነቱ ግን በአምስተኛው ዓመት አልዘለቀም። ከዚህ ጥናት ተነስቶ የፋብሪካ ሥራ ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው፤ ጥናቱ የሚያሳየው ለብዙዎች የፋብሪካ ሥራ መሸጋገሪያ እንጂ መቋሚያ አለመሆኑን ነው። ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ለረጅም ጊዜ አለመደንገጉ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ከቤት ኪራይ ጋር ባለው ሚዛን ላይ ከባድ ጫና አሳድሯል።

በሁለቱ ምሰሶዎች ሥር የሚታየው ሰፊው ኢኮኖሚ ግን ሌላ ነው። በብሎኮቹ ምድር ቤት ያሉ ሱቆች፣ ጉልት፣ የባጃጅ አገልግሎት፣ የቀን ሥራ፣ የድለላና የኪራይ ገቢ አብዛኛውን ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ቢራ ፋብሪካውን በሄክቶ ሊትር የሚለካ ሰነድ እነዚህን አይለካም። መንገድም ኢኮኖሚውን ይወስናል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ መነሳቱ ለጭነት ምቹ ቢሆንም፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ፣ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለሰው ሠራተኛ በሌሊት ተነስቶ በአውቶቡስና በታክሲ ሰልፍ ይቆማል።

መኖሪያ ቤት፦ አንድ ሰፈር፣ ብዙ ዓይነት ይዞታ

በ1999ኙ ቆጠራ በአዲስ አበባ 662,728 ቤተሰቦች በ628,984 ቤቶች ይኖሩ ነበር፤ ከ33 ሺህ በላይ የሚሆነው ልዩነት የሚያሳየው ቤት የሚጋሩ ቤተሰቦችን ነው። የቤት እጥረቱ ግን በዚህ አይመዘንም፤ በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው የኮንዶሚኒየም ፈላጊዎች ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች መመዝገባቸው ጥልቀቱን የበለጠ ያሳያል። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ለዚህ የተሰጠ ምላሽ ነው። «20/80» የሚባለው ዓይነት ዕድለኛው 20 ከመቶውን ቀድሞ ቆጥቦ፣ 80 ከመቶውን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተበድሮ የሚከፍልበት ነው፤ 10/90 ለአነስተኛ ገቢ፣ 40/60 ደግሞ የተሻለ ለሚቆጥቡ ተብለው የተከተሉ ናቸው። ዕጣው ሲወጣ 30 ከመቶ ለሴቶች፣ 20 ከመቶ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 ከመቶ ለአካል ጉዳተኞች መመደቡ የሰፈሩን የባለቤትነት መልክ ከመነሻው ይቀርጻል። ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የዚህ ፕሮግራም ደቡባዊ ቀበቶ ናቸው። የዋልካው ጠባይ እዚህም ራሱን ያሳያል፤ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈር መሠረትን ስለሚያናጋ፣ አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ያስፈልጋል፤ ለገበሬው በረከት የነበረው አፈር ለግንበኛው ተጨማሪ ወጪ ሆነ።

በኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለቤትነትና ነዋሪነት ይለያያሉ። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለአምስት ዓመት መሸጥ ባይፈቀድለትም ማከራየት ይችላል፤ በመሆኑም የባንክ ዕዳውን በኪራይ እየከፈለ ራሱ በመሀል ከተማ በቀበሌ ቤት ወይም በወላጆቹ ቤት የሚቆይ ባለዕጣ ብዙ ነው። ይህን የሚተቹት ወገኖች ፕሮግራሙ ድሀውን በስም ባለቤት፣ በተግባር ግን አከራይ አድርጎታል፤ ዳርቻውም የተከራይ ከተማ ሆኗል ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ በዕድሜው የመጀመሪያ የሆነ ሀብት መፈጠሩን ያነሳሉ።

ዕጣው በራሱ ለተመራማሪዎች ጠቃሚ ዕድል ሰጥቷል፤ የደረሰውና ያልደረሰው ሰው በዕድል ብቻ ስለሚለያዩ ማነጻጸር ይቻላል። ሳይመን ፍራንክሊን በዚህ መንገድ ያካሄደው ጥናት፣ ዕጣ የደረሳቸው የተሻለ ቤት ቢያገኙም በሥራቸውና በገቢያቸው ላይ ጉልህ ለውጥ እንዳልታየ አሳይቷል። ዳንኤል አግነስና ጥጋቡ ጌታሁን ደግሞ በልጆች ላይ አተኩረው፣ የባለዕጣ ቤተሰብ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅና ከዚያ በላይ የመማር ዕድላቸው ከፍ ማለቱን አግኝተዋል። ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም፤ ለወላጁ የሥራ ገቢ ያልሆነው ቤት ለልጁ ትምህርት መደገፊያ ሀብት ሆኗል። ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለ ተመዝጋቢው ነው፤ የዚያው ቤት ተከራይ በየትኛውም በኩል አልተጠየቀም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪው በመንግሥት እንዲወሰን በመደንገጉ፣ ተከራዩን በመዝገብ ውስጥ ያስገባል፤ የቂሊንጦን እውነተኛ ነዋሪ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ የአስተዳደር መረጃ ምንጭ ማሰብ ይከብዳል።

ከብሎኮቹ ባሻገር ሌሎች ዓይነት ቤቶች አሉ። ነባሩ የገበሬ ግቢ አለ፤ ከገበሬው በመንደር ውል ቁራሽ መሬት ገዝቶ የተሠራ የጭቃ ወይም የብሎኬት ቤት አለ፤ በሌሊት ተሠርቶ የሚያድር የጨረቃ ቤት አለ። ሦስተኛውን ከሁለተኛው መለየት ግድ ነው፤ የጨረቃ ቤት ሠሪ ቦታውን በድፍረት ይይዛል፤ በመንደር ውል የገዛው ግን ገንዘብ ከፍሎ፣ ምስክር አቁሞ፣ ሕግ የማያውቀውን ሽያጭ የፈጸመ ሰው ነው። ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሕጋዊ ለማድረግ በከተማዋ የወጡት መመሪያዎች በ1988ና በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታዎች ላይ መታየትን መለኪያ አድርገዋል፤ ቂሊንጦ በስፋት መገንባት የጀመረችው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የካሳ ክርክር

በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ጋር አያይዞ ማባዣውን ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አደረገው። የቂሊንጦ ሰፋፊ መሬቶች የተወሰዱት በቀድሞው ሕግ ዘመን መሆኑ፣ የኋለኛውን ማሻሻያ ለቂሊንጦ ተነሺ ዘግይቶ የመጣ አድርጎታል።

በዚህ ጉዳይ ሦስት አቋሞች ይታያሉ። የመጀመሪያው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳ የሚከፈለው ለንብረትና ለተቋረጠ ገቢ እንጂ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም የሚለው ሕጋዊ አቋም ነው። ሁለተኛው ያው መሬት ለገንቢ በሊዝ ሲተላለፍ የሚያወጣውን ዋጋ ከካሳው ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን እንደ ፍትሕ ጉድለት የሚያይ ነው። ሦስተኛው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የኑሮ መቀጠልን የሚያስቀድመው ነው፤ የዓለም ባንክ የመልሶ ማስፈር ፖሊሲም ተነሺው ኑሮው ቢያንስ ወደ ቀድሞው ደረጃ እንዲመለስ ይጠይቃል። ከሦስቱ ይበልጥ ሚዛን የሚደፋው ሦስተኛው ይመስላል፤ ምክንያቱም በማባዣ ቁጥር ላይ የሚደረገው ክርክር የሚባዛው ምን እንደሆነ ይረሳል። ጭድ፣ ኩበት፣ ወተትና የግጦሽ ጥቅም በገቢው ውስጥ ካልገቡ፣ በዐሥርም ተባዛ በዐሥራ አምስት፣ የጎደለው አብሮ ይባዛል። ከዚህም በላይ ካሳው ለአባወራው ሲከፈል፣ በመሬቱ ላይ ወደፊት ድርሻ የነበራቸው ወጣት ልጆች፣ መሬቱን እኩል የሚያርሰው ሰውና በግቢው ተቀጥሮ የሚኖረው ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ።

የከተማ አስተዳደሩ ለተነሺ ገበሬዎችና ለልጆቻቸው ኮንዶሚኒየምና የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ሲጀምር ይህን ክፍተት ለመሙላት ያለመ እርምጃ ነበር። ይሁንና ከ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተቃዋሚው ፓርቲ በኢዜማና በሌሎች የቀረበው ወቀሳ ጉዳዩን ወደ ሌላ ክርክር ወሰደው፤ ዓመታት ሙሉ የቆጠቡ ተመዝጋቢዎች ተራቸው ለሌላ ተሰጠ አሉ፤ አስተዳደሩም በ2013 ዓ.ም. ባካሄደው ማጣራት 21,695 ኮንዶሚኒየሞች ከአሠራር ውጭ ተይዘው መገኘታቸውን አስታወቀ። በዚህ መካከል ሁለት እውነተኛ መብቶች፣ የቆጣቢውና የተነሺው፣ ለአንድ ቤት እንዲሻሙ ተደረገ። ሁለቱን ባለመብቶች እርስ በርስ ባላጋራ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ቤቱን ማን ያለአግባብ እንደያዘው ከሚለው ጥያቄ አንባቢን ያርቃል።

የወሰን ጥያቄና ያልተቋጩ ነጥቦች

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለውን ልዩ ጥቅም ቢደነግግም ዝርዝሩ ለዓመታት ሳይወሰን ቆየ። የአዲስ አበባና የዙሪያውን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት ለማልማት የተዘጋጀው ማስተር ፕላን ሰፊ ተቃውሞ አስነስቶ በጥር 2008 ተሰረዘ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. 51,229 ቤቶች፣ ማለትም 32,653 የ20/80 እና 18,576 የ40/60፣ በዕጣ ሲወጡ፣ በኮዬ ፈጬ የተሠሩት በኦሮሚያ መሬት ላይ ናቸው በሚል በብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። በነሐሴ 2014 ሁለቱ አስተዳደሮች የወሰን ስምምነት አደረጉ፤ ኮዬ ፈጬም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተችው የሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተማ ሆነች።

ስምምነቱ የአስተዳደር ጥያቄውን ቢመልስም የመግለጫውን ጥያቄ አወሳስቦታል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ በተመደበ ምዝገባ ቤት ያገኘ ሰው አሁን በሌላ አስተዳደር ሥር የሚኖርባቸው ብሎኮች አሉ፤ የመታወቂያው፣ የትምህርት ቋንቋው፣ የግብሩና የውኃ አቅርቦቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በየጉዳዩ ይለያያል። ከ28 ወረዳዎች ወደ ዐሥር ክፍለ ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ዐሥራ አንድ የተሸጋገረችው አዲስ አበባ ወሰኗን በለወጠች ቁጥር የቀደመው ቁጥር ከኋለኛው ጋር መነጻጸር ያቅተዋል፤ በዳርቻ ላይ ያለችው ቂሊንጦ ደግሞ ይህ ከሁሉ በላይ የሚከብዳት ናት።

የሚቀጥለው ቆጠራ ሲካሄድ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ቀድመው መወሰን አለባቸው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪና በማረሚያ ቤት ያለው ሰው ከቤተሰብ ነዋሪው ተለይቶ መታተም አለበት። በእያንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ቤት ባለቤቱ፣ የቅርብ ዘመዱ ወይም ተከራዩ እንደሚኖር መጠየቅ አለበት። ሦስተኛውና አስቸጋሪው የገበሬው ልጅ ጉዳይ ነው፤ አባቱ መሬቱን ሲለቅ ሕፃን የነበረ፣ ዛሬ ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ ከአባቱ ካሳ ድርሻ ያላገኘ፣ በ2005ቱም ምዝገባ ዕድሜው ያልደረሰ ወጣት በየትኛው መስፈርት የአካባቢው ባለመብት እንደሚባል፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሸገር በኩል ሁሉም የሚስማማበት መልስ ገና አልተሰጠውም።